የቤት ዕቃን ከአዲስ አበባ ወደ ክፍለ ሀገር በትንሽ ወጪ ለማጓጓዝ

ሥራ ተቀይሮላችሁ፣ ትዳር ይዛችሁ ወይም የአዲስ አበባ ቤት ኪራይ አልቀመስ ብሏችሁ ወደ ክፍለ ሀገር ልትሄዱ ነው እንበል። ቤቱ ተገኝቷል። የቀረው ዕቃው ነው። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲደርስ ለሚያውቀው ደላላ ይደውላል። "አንድ አይሱዙ አምጣልኝ" ይላል። የተጠራውን ዋጋ ትንሽ ተከራክሮ ይከፍላል። ዕቃው መድረሱ አይቀርም፤ ግን ከሚገባው በላይ ተከፍሎበት ነው።

ዋጋውን የሚወስኑት በዋናነት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ ዕቃችሁ የሚይዘው ቦታ ነው። ሌላው መኪናው ወደዚያ አገር የሚሄድበት ምክንያት ነው። ለእናንተ ብሎ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ መኪና የደርሶ መልስ ነዳጅ ያስከፍላችኋል። ቀድሞውንም ወደዚያ የሚመለስ መኪና ግን ያገኘው ሁሉ ትርፍ ነው። ስለዚህ የምትቆጥቡት ገንዘብ በክርክር ሳይሆን በዝግጅት የሚገኝ ነው።

ሐዋሳን እንደ ምሳሌ ልውሰድ። ከአዲስ አበባ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያልፋል። ወደ ጅማ፣ ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ድሬዳዋ ለሚሄድም አሠራሩ ያው ነው። የሚለየው መኪናው የሚፈለግበት ቦታ ነው።

1. ሜትር ያዙና ለኩ

ሹፌሩ መጀመሪያ የሚጠይቃችሁ "ስንት ኩንታል ነው?" ብሎ ነው። የለመደው እህልና ሲሚንቶ ነውና አይፈረድበትም። የቤት ዕቃ ግን በኩንታል ሲለካ ያሳስታል። መኪናው መሸከም የሚችለው ክብደት ግማሽ ሳይደርስ ቦታው ይሞላል። ሶፋ፣ ፍራሽና ቁምሳጥን ቀላል ሆነው ሰፊ ናቸው።

ስለዚህ በሜትር ኩብ አስሉ። ርዝመት በስፋት በከፍታ ማባዛት ብቻ ነው። ባለ ሦስት ሰው ሶፋ 2 ሜትር ርዝመት፣ 90 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 85 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ቢኖረው አንድ ተኩል ሜትር ኩብ ገደማ ይይዛል። ሁለቱ ነጠላ ሶፋዎች ሲጨመሩ ሦስት ይጠጋል። አልጋና ቁምሳጥን ተፈተው የሚሄዱ ከሆነ የተፈታውን ለኩ፤ ልዩነቱ የትየለሌ ነው። ሁሉንም በአንድ ወረቀት ላይ ጻፉና ደምሩ። ካርቶንና ማዳበሪያ ውስጥ ለሚገባው ጓዝ ደግሞ የድምሩን ሩብ ያህል ጨምሩበት።

መኪናውንም መለካት አትርሱ። "አይሱዙ" ሲባል ትንሹም አይሱዙ ነው፣ ትልቁም አይሱዙ ነው። ትንሹ ኤንፒአር ለሚበቃው ጓዝ ትልቁን ኤፍኤስአር የተከራየ ሰው ለአየር ይከፍላል። በተቃራኒው ደግሞ ዕቃው ሳይበቃ ቀርቶ ሁለተኛ መኪና የፈለገ ሰው ያለቅሳል። የጭነቱን ሳጥን ውስጡን ለኩ፣ ወይም ሹፌሩን በስልክ ርዝመቱንና የጎኑን ከፍታ ጠይቁ።

2. የሚሄደውንና የሚሸጠውን ለዩ

አሁን በእጃችሁ ቁጥር አለ። እንዲህ አስቡት። ቁጥሩ ለሒሳቡ እንዲመች የመረጥኩት ነው፤ እናንተ የተጠራላችሁን ዋጋ ተኩበት። መኪናው 16 ሜትር ኩብ ይይዛል፣ ኪራዩ 20,000 ብር ነው። አንዱ ሜትር ኩብ 1,250 ብር ወጣበት ማለት ነው። ሦስት ሜትር ኩብ የሚይዘው የሶፋ ስብስብ በመኪና ብቻ 3,750 ብር ይበላል። የጫኝና አውራጅ አልተጨመረም። አሁን ራሳችሁን ጠይቁ፦ ይህ ሶፋ እዚህ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? እዚያስ ተመሳሳዩ በስንት ይገኛል?

በዚህ ሒሳብ ሁልጊዜ የሚወድቀው የቺፕውድ ዕቃ ነው። ብፌ፣ የቲቪ ማስቀመጫ፣ ርካሽ ቁምሳጥን። ቺፕውድ አንዴ ተፈቶ ሲገጠም የብሎኑ ቀዳዳ ይሰፋል፣ ጠርዙ ይፈረካከሳል። ተፈቶ 275 ኪሎ ሜትር ተንገጫግጮ ሲደርስ በፊት የነበረው ዕቃ አይሆንም። እዚሁ ሽጡት። የጽድ፣ የዋንዛ ወይም የዝግባ ዕቃ ካላችሁ ግን በምንም ሒሳብ አትልቀቁት። ዛሬ ያንን እንጨት በዚያ ጥራት ማሠራት በጣም ውድ ነው፤ ደግሞም ተፈቶ መገጠምን ይችላል።

ፍራሽ፣ ፍሪጅ፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንና የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙ ጊዜ መሄድ ያለባቸው ናቸው። አዲሱ ዋጋቸው ከማጓጓዣው በብዙ እጥፍ ይበልጣል። አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ከሆነ ደግሞ ለሌሎች ዕቃዎች መከላከያ ይሆናል፤ በሁለት በኩል ይጠቅማል።

ለመሸጥ ከወሰናችሁ ከመሄጃችሁ ሦስት ወይም አራት ሳምንት ቀድማችሁ ጀምሩ። በመጨረሻው ሳምንት የሚሸጥ ዕቃ በግማሽ ዋጋ ይሄዳል። ገዢው መቸኮላችሁን ፊታችሁ ላይ ያነበዋል። የምትለቁትን ቤት የሚከራየው ሰው ከታወቀ መጀመሪያ እሱን ጠይቁ። መጋረጃ፣ የመጋረጃ ብረትና የውኃ ሮቶ ለእሱ ተገጥመው የተቀመጡ ናቸው፤ እናንተም የማውረጃና የመጫኛ ገንዘብ ይተርፋችኋል።

3. የሚመለስ መኪና ፈልጉ

ትልቁ ቁጠባ ያለው እዚህ ነው። ጊዜ ወስዳችሁ ብትሠሩበት ይገባዋል።

አዲስ አበባ የምትበላው ከክፍለ ሀገር ነው። ቲማቲሙና ሽንኩርቱ ከመቂና ከባቱ አካባቢ፣ ድንቹ ከሻሸመኔ ዙሪያ፣ ሙዙ ከአርባ ምንጭ ይመጣል። ጤፉ ከጎጃም ተጭኖ መርካቶ እህል በረንዳ ይራገፋል። አትክልት የጫኑ አይሱዙዎች ሌሊቱን ተጉዘው ጎህ ሳይቀድ ሃይሌ ጋርመንት አትክልት ተራ ይደርሳሉ። ረፋዱ ላይ ብዙዎቹ ባዶ ናቸው። ሹፌሩና ረዳቱ ሻይ እየጠጡ የመልስ ጭነት ይጠብቃሉ። ካላገኙ ባዶአቸውን ይመለሳሉ።

ወደ ሐዋሳ የምትሄዱ ከሆነ ከመሄጃችሁ አንድ ሳምንት በፊት አንድ ጠዋት እዚያ ሂዱ። ዕለቱን ለመጫን ሳይሆን ለመተዋወቅ ነው። ታርጋውን እያያችሁ ሹፌሩን ከየት እንደመጣና በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመላለስ ጠይቁት። መቂ የሚቀር መኪና አይጠቅማችሁም፤ ከመቂ እስከ ሐዋሳ ያለውን ትርፍ መንገድ ደርሶ መልስ ያስከፍላችኋል። ከሻሸመኔ፣ ከሐዋሳ ወይም ከዚያ አልፎ ከአርባ ምንጭ የመጣውን ፈልጉ። የሁለት ወይም የሦስት ሹፌር ስልክ ያዙ። "በመጪው ሐሙስ የመልስ ጭነት አለኝ፣ የቤት ዕቃ ነው፣ ይህን ያህል ሜትር ኩብ ነው፣ ሰፈሬ እዚህ ነው" በሏቸው። የምታውቁትን ቁጥር ስትነግሩት ሹፌሩም በሌላ ዓይን ያያችኋል።

አንድ ነገር ግን ሳትጠይቁ አትለፉ። መኪናው ባለፈው ጉዞ ምን ጫነ? በበዓል ሰሞን በግና በሬ ያጋዘ መኪና ወለሉ ሳይታጠብ ፍራሻችሁን ቢጭንበት ሽታው ከፍራሹ አይወጣም። ከሰል የጫነው ሶፋ ያጠቁራል። የበሰበሰ ቲማቲም ውኃ እንጨቱ ውስጥ ይገባል። ወለሉን በእጃችሁ ዳስሱት። ወጣ ያለ ሚስማር ካለ ያኔውኑ በመዶሻ አስመቱት። ለማሳጠቢያ የምትከፍሉት ጥቂት ብር ከሁሉም ወጪ የበለጠ ያዋጣችኋል።

ሁለተኛው መንገድ ከዚህም ሊረክስ ይችላል፤ የሚያውቀው ሰው ግን ጥቂት ነው። ከመርካቶ ወደ ክፍለ ሀገር ብረት፣ ሴራሚክ ወይም ሚስማር የሚጭን መኪና ክብደቱ ቶሎ ይሞላበታል፣ ቦታው ግን አይሞላም። ሴራሚኩ ከወለሉ ጉልበት እስኪደርስ ተደርድሮ ከላይ ያለው ሁሉ ባዶ ይሄዳል። የእናንተ ዕቃ ደግሞ ቀላልና ሰፊ ነው። ሁለቱ ይገጣጠማሉ። መርካቶ ውስጥ በየከተማው የተከፋፈሉ ጭነት ተቀባዮች አሉ። "የሐዋሳ ጭነት የሚቀበል የት ነው?" ብላችሁ ብትጠይቁ ይጠቁሟችኋል። የላይኛውን ቦታ በግማሽ ዋጋ ወይም ከዚያ ባነሰ ልትደራደሩበት ትችላላችሁ። ጉዳቱ ሰዓቱ በእናንተ እጅ አለመሆኑ ነው። ነጋዴው ዕቃውን አውርዶ እስኪጨርስ መጠበቅም ሊመጣ ይችላል። ከታች ያለው ጭነት ቀለም፣ ዘይት ወይም ኬሚካል ከሆነ ግን ቢረክስም እለፉት።

ብዛት የሌለው ጓዝ ያለው ሰው፣ ለምሳሌ ላጤ፣ መኪና መከራየት አይጠበቅበትም። ፍራሽ፣ ሁለት ማዳበሪያ ልብስና አንድ ካርቶን የወጥ ቤት ዕቃ በአውቶቡስ ፖርቶ መጋላ ላይ ይሄዳል። ዋጋውን ከረዳቱ ጋር ከመሳፈራችሁ በፊት ቁረጡ።

ስለ ቀኑም ትንሽ ልበል። የነሐሴ መጨረሻና ጳጉሜን ወላጅ ሁሉ ከትምህርት በፊት ቤት የሚቀይርበት ጊዜ ነው። የፋሲካና የገና ዋዜማ ሳምንት መኪናው ሁሉ በግና በሬ ላይ ነው። ከገና ሳምንት በቀር ታኅሣሥና ጥር ግን የእህል ወቅት ስለሆነ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው መኪና ብዙ ነው፤ ስለዚህ ባዶውን የሚመለሰውም ይበዛል። ቀኑን መምረጥ የምትችሉ ከሆነ ያንን ምረጡ።

4. ስምምነቱን በወረቀት አስፍሩ

ውል ሲባል ጠበቃ አያስፈልገውም። አንድ ገጽ ይበቃል። የሹፌሩ ስምና ስልክ፣ የመኪናው ታርጋ፣ የመጫኛና የማውረጃ አድራሻ፣ ቀኑ፣ ጠቅላላ ዋጋው፣ የተከፈለው ቀብድ፣ የቀረው ገንዘብ መቼ እንደሚከፈል። የሹፌሩን መንጃ ፈቃድና የመኪናውን ሊብሬ በስልካችሁ ፎቶ አንሱ። ታርጋው የንግድ መኪና (ኮድ 3) መሆኑን እዩ። ሰውየው ሐቀኛ ከሆነ ይህ አያስቀይመውም።

ክርክር የሚነሳው ሁልጊዜ በትናንሽ ነገሮች ነው፤ እነሱንም ጻፏቸው። የፍጥነት መንገዱን ክፍያ ማን ይከፍላል? መኪናው መንገድ ላይ ሌላ ጭነት መጨመር ይችላል? ቢበላሽና ማደር ቢመጣስ? ሸራውን ማን ያመጣል? ረዳቱ በመጫንና በማውረድ ያግዛል ወይስ ያያል? እነዚህን አዲስ አበባ ላይ ካልጨረሳችኋቸው ሐዋሳ መግቢያ ላይ ይመጡባችኋል። ያኔ ደግሞ ዕቃው እሱ እጅ ነው።

ከሩብ ወይም ከሲሶ በላይ ቀብድ አትስጡ። የቀረውን ዕቃው ወርዶ ካያችሁት በኋላ ክፈሉ። በቴሌብር ወይም በባንክ ከከፈላችሁ ማስረጃው በራሱ ይቀመጣል።

ደላላ ካለ የእሱን ድርሻ ማን እንደሚከፍል ለዩ። ብዙ ጊዜ ከሁለቱም ይወስዳል።

5. ወረቀታችሁን አዘጋጁ

ከምትለቁት ወረዳ መሸኛ ማውጣታችሁ አይቀርም፤ አዲሱ ቦታ ስትመዘገቡ ይጠየቃል። ከመጫኛው ቀን በፊት አውጡትና ኮፒውን መኪናው ውስጥ ይዛችሁ ሂዱ። ኬላ ላይ ዕቃው የማን እንደሆነ ሲጠየቅ ያግዛችኋል። የቴሌቪዥን፣ የፍሪጅና የኮምፒውተር ደረሰኝ ካላችሁም አብራችሁ ያዙ። የዕቃውን ዝርዝር በሦስት ኮፒ አድርጉት፦ አንዱ ለሹፌሩ፣ አንዱ ለእናንተ፣ አንዱ እዚያ ለሚቀበላችሁ ሰው።

6. እሸጉ፣ ግን ለማሸጊያ ብዙ አታውጡ

አዲስ ካርቶን መግዛት አያስፈልግም። ከመድኃኒት ቤትና ከመጠጥ አከፋፋይ የሚወጣው ካርቶን ወፍራምና ጠንካራ ነው። ቀድማችሁ ብትነግሯቸው ብዙዎቹ በነፃ ወይም በጥቂት ብር ይሰጧችኋል። ልብስ ካርቶን አይፈልግም፤ ንጹሕ ማዳበሪያ ይበቃዋል። ማዳበሪያ ውስጥ ያለ ልብስ ደግሞ በዕቃዎች መሐል የሚሰገሰግ ትራስ ነው። ሳፋ፣ ባልዲ፣ በርሜልና ሮቶ ባዶአቸውን አይጫኑ። ሮቶ ውስጥ ብርድ ልብስና ትራስ ጠቅጥቁበት። ያን ሁሉ ቦታ ከፍላችሁበታል።

መጽሐፍ በትንሽ ካርቶን ይሁን። በትልቅ ካርቶን የታጨቀ መጽሐፍ ታቹ ይፈነዳል፣ የሚሸከመውንም ልጅ ወገቡን ይጎዳዋል። ሳህን ተጋድሞ ሳይሆን በጠርዙ ቆሞ ይደርደር፤ በየመሐሉ ጋዜጣ ይግባ። ጋዜጣ ከሌለ ፎጣና ካልሲም ያገለግላል። ጀበና የሚሰበረው አንገቱና ጡቱ ላይ ነው። በጨርቅ ጠቅልላችሁ ድስት ውስጥ አስቀምጡት።

የኤሌክትሪክ ምጣድ ከሁሉም ይልቅ ያሳስበኛል። ሸክላው አንዴ ከተሰነጠቀ እንጀራው ይጣበቃል፣ ሸክላውን ማስቀየርም ሥራና ወጪ ነው። አክንባሎውን ለብቻ ጠቅልሉት። ምጣዱን በታጠፈ ብርድ ልብስ ላይ በገጹ አስተኙትና በሌላ ብርድ ልብስ ሸፍናችሁ ዙሪያውን እሰሩት። ላዩ ላይ ምንም እንዳይጫን "ምጣድ፣ አይጫንበት" ብላችሁ በትልቁ ጻፉበት። የቤት መኪና ያለው ዘመድ የሚሸኛችሁ ከሆነ ምጣዱ በዚያ ይሂድ።

ፍሪጅን አንድ ቀን አስቀድማችሁ ከሶኬት ንቀሉት። በረዶው ይቅለጥ፣ ውስጡ ይድረቅ። መደርደሪያዎቹን አውጥታችሁ ለብቻ ጠቅልሉ፣ በሩን በፕላስተር ዝጉት። ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጫነው። ከተጋደመ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቱቦው ይሄዳል፤ በዚያ ሁኔታ ኤሌክትሪክ ከተሰጠው ኮምፕረሰሩ ሊቃጠል ይችላል።

የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሲገዛ ከበሮውን የሚይዙ ረጃጅም ብሎኖች ከኋላው ተገጥመውለት ይመጣሉ። ካላችሁ መልሳችሁ አስገቧቸው። ከሌሉ ከበሮውን ዙሪያውን በፎጣና በትራስ አጣብቁት። ቴሌቪዥን አይጋደምም። የራሱ ካርቶን ከሌለ ስክሪኑን በብርድ ልብስ ሸፍናችሁ በሁለት ፍራሽ መሐል አቁሙት። መስታወት ላይ በፕላስተር ትልቅ የኤክስ ምልክት ስሩበት። ቢሰነጠቅ እንኳ ስብርባሪው አይበተንም። የጋዝ ሲሊንደር ባዶ ቢሆንም ማስተላለፊያውን ፍቱ፣ አፉን ዝጉ፣ አቁማችሁ እሰሩት። የሞላ ከሆነ ለጎረቤት ስጡት ወይም ሽጡት። ሸራ ተሸፍኖ ፀሐይ ላይ የሚውል መኪና ውስጥ የሞላ ሲሊንደር መኖር የለበትም።

አልጋና ቁምሳጥን ከመፈታቱ በፊት በየአቅጣጫው ፎቶ አንሱት። ብሎኑን በትንሽ ፌስታል አስራችሁ እዚያው ጣውላ ላይ በፕላስተር ለጥፉት። "የትልቁ አልጋ" ብላችሁ ጻፉበት። ሁሉንም ብሎን በአንድ ፌስታል ያደረገ ሰው ማታ አልጋውን መግጠም አቅቶት መሬት ላይ ይተኛል።

በየካርቶኑ ላይ ቁጥርና ክፍል ጻፉ፦ "7፣ ወጥ ቤት"። ቁጥሩ ከዝርዝሩ ጋር ይመሳከር። በካርቶኑ ውስጥ ያለውን ውድ ነገር ግን ከላዩ ላይ አትጻፉ።

7. ጫኝና አውራጅ

ብዙ ቤተሰብ በጀቱ የሚናጋው እዚህ ነው። ሥራው ከባድ ነው፤ ልጆቹም ላባቸውን አፍስሰው ነው የሚያገኙት። ተገቢውን መክፈል ግዴታችን ነው። ችግሩ ዋጋው መኪናው በር ላይ ከቆመ በኋላ ሲወሰን ነው። ያኔ የሚጠራው ገንዘብ አንዳንዴ ከመኪናው ኪራይ ጋር ይፎካከራል።

ስለዚህ አንድ ቀን ቀድማችሁ የሰፈሩን ማኅበር ልጆች ጥሩ። ዕቃውን አሳዩአቸው። ስንት ፎቅ እንደሚወርድ፣ መኪናው ምን ያህል ተጠግቶ እንደሚቆም ይዩ። ዋጋውን በጠቅላላ ቁረጡ፤ "በዕቃ" ወይም "በሰው" የሚል ድርድር መጨረሻው አይታወቅም። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ያላችሁ የደረጃውን መታጠፊያ ለኩ። ሶፋው በደረጃ ካልወረደ በረንዳ ላይ በገመድ ይወርዳል፤ እሱም የተለየ ዋጋ አለው።

ዕቃችሁን ራሳችሁ ወይም በፈለጋችሁት ሰው የማስጫንና የማስወረድ መብት አላችሁ። የሚያስገድዳችሁ ቢመጣ በጉልበት ከመጋፈጥ የወረዳውን ሰላምና ጸጥታ ጽሕፈት ቤት መጥራት ይሻላል። ስልኩን ከዋዜማው ያዙት። በምትገቡበት ከተማም እንዲሁ አድርጉ። እዚያ ያለ ዘመድ ወይም የቤቱ አከራይ ቀድሞ ከልጆቹ ጋር ቢነጋገር በእንግድነታችሁ አትጎዱም።

8. አጫጫኑን ራሳችሁ ምሩ

መኪናው ሲመጣ መጀመሪያ ሸራውን አስዘርጉት። ሁለት ሰው ወደ ላይ ከፍ አድርጎ ሲይዘው ከሥር ሆናችሁ ወደ ሰማይ እዩ። ቀዳዳ ካለ ብርሃኑ ያሳብቃል። በክረምት ይህን ያላየ ሰው ሞጆ ሳይደርስ ፍራሹ ይበሰብሳል። ወለሉ ላይ ላስቲክ አንጥፉ፤ ውኃ ከላይ ብቻ ሳይሆን ከጎማው ሥርም ይረጫል።

ከባዱ ወደ ጋቢናው ተጠግቶ ወለሉ ላይ ይግባ፦ ፍሪጅ፣ ማጠቢያ ማሽን፣ የመጽሐፍ ካርቶን። ግራና ቀኙ ክብደቱ ይመጣጠን። የቁምሳጥንና የአልጋ ጣውላ በጎን ግድግዳው ላይ ቆሞ ይታሰር። ሶፋ ላይ ሶፋ መገልበጥ ይቻላል፤ መሐላቸው ካርቶን ወይም ብርድ ልብስ ይግባ። ገመድ ሶፋውን በቀጥታ ከነካ ጨርቁን ይበላዋል፤ በሚያርፍበት ጠርዝ ላይ የታጠፈ ካርቶን አድርጉ። ክፍተት አትተዉ። ዕቃ የሚሰበረው በመታሰሩ ሳይሆን በመወዛወዙ ነው። በየክፍተቱ የልብስ ማዳበሪያ ሰግስጉ። ሞሰብና ምጣድ ከሁሉ በላይ ይሁኑ።

መጨረሻ የሚገባው መጀመሪያ የሚወርደው ነው። የአልጋ ጣውላ፣ መፍቻ፣ አንድ ፍራሽ፣ አንሶላ፣ የሻይ ማፍያና የልጆች ልብስ በር ላይ ይቅሩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት የሚያሳልፏችሁ እነሱ ናቸው።

የጭነቱ ከፍታ ከሹፌሩ ጋር ይወሰን። የኤሌክትሪክ ሽቦ ዝቅ ያለበት መንደር ውስጥ ከጋቢናው በላይ የተቆለለ ዕቃ አደጋ ነው። ጭነቱ ላይ ሰው አይቀመጥም፤ ዕቃ ለመጠበቅ ተብሎም ቢሆን።

ከመነሳታችሁ በፊት ከአራቱም ጎን ፎቶ አንሱ።

9. መንገድ ላይ

አዲስ አበባ ውስጥ ለጭነት መኪኖች የሰዓት ገደብ አለ፤ ሹፌሩን አስቀድማችሁ ጠይቁና የመጫኛውን ሰዓት በዚያ ላይ ወስኑ። ከተቻለ በቀን ተጓዙ። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዚያው መስመር ትናንት የተመላለሰ ሹፌር ከማንም በላይ ያውቃል። አንድ የቤተሰብ ሰው ጋቢና ይቀመጥ። ወርቅ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ የቤት ውልና ላፕቶፕ ከእናንተ ቦርሳ አይለዩ። ከተነሳችሁ ከጥቂት ኪሎ ሜትር በኋላ መኪናው ቆሞ ገመዱ እንደገና ይጥበቅ፤ ዕቃው ሲንገጫገጭ ስለሚረጋ ገመዱ ሁልጊዜ ይላላል።

10. ስታወርዱ

አንድ ሰው በር ላይ ዝርዝሩን ይዞ ይቁም። ሥራው መሸከም አይደለም፤ የገባውን ቁጥር ምልክት ማድረግ ብቻ ነው። የየክፍሉን ስም በር ላይ ለጥፉ፤ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ከበሩ ጋር ሲገጥም ልጆቹ "ይሄ የት ይሂድ?" እያሉ አይቆሙም። ትልልቁ ዕቃ ወደ ቦታው ሳይገባ ካርቶን አታስገቡ፣ መተላለፊያው ይዘጋባችኋል።

የተሰበረ ወይም የጎደለ ካለ ሹፌሩ ፊት ፎቶ አንሱት፣ የውሉ ወረቀት ላይ ጻፉት፣ እሱም ይፈርም። ከቀሪው ክፍያ ላይ ስንት እንደሚቀነስ እዚያው ተነጋገሩ። ምንም ካልጎደለ ደግሞ ሳታጓትቱ ክፈሉት። ጥሩ ሹፌር ከሆነ ስልኩን ያዙ፤ አዲስ አበባ የቀረ ዕቃ ቢኖራችሁ ወይም ዘመድ ሊከተላችሁ ቢያስብ በሚቀጥለው መልሱ ያመጣላችኋል።

ፍሪጁን ቦታው ላይ አቁሙትና ቢያንስ ለጥቂት ሰዓታት አትሰኩት። መንገድ ላይ ተጋድሞ ከነበረ እስከ ነገ ይቆይ። የማጠቢያ ማሽኑን ረጃጅም ብሎኖች ግን ከማስነሳታችሁ በፊት አውጧቸው፤ ታስሮ ከተሽከረከረ ይሰበራል። ብሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ ከማሽኑ ጀርባ ለጥፉት። ካርቶኖቹን አጣጥፋችሁ አስቀምጡ ወይም ቀጥሎ ለሚሄድ ጎረቤት ስጡ። መሸኛውን በሳምንቱ ውስጥ ለአዲሱ ቀበሌ አስገቡ።